ጡሩምባ ነፊው ከአምስት ስንት አገኘ?

ባለቤቴ አልማዝ ሰሞኑን አኩርፋኛለች። ምክንያቱ ስልክ ነው።

ስልኬ እየተቆራረጠ አላናግር ስላለኝ ወደ ደንበኞች አገልግሎት ደወልኩ። ሙዚቃ ከፈቱልኝ። ምሳ ቀረበ፣ ምሳ ተበላ፣ ሙዚቃው አላለቀም። ሰሃኑ ሊታጠብ ሲል አንዲት ልጅ አነሳች። ችግሬን ተናግሬ ሳልጨርስ «ሌላ የምረዳዎት ነገር ይኖራል?» አለችኝ። የመጀመሪያው መቼ ተረዳና ነው ሌላው? ይህንኑ ልላት አፌን ስከፍት ማሽኑ ተቀበለኝ። ማሽኑ ደግሞ ጨዋ ነው። «በተሰጠዎት አገልግሎት ምን ያህል ረክተዋል? ጨርሶ ካልረኩ አንድን፣ በጣም ከረኩ አምስትን ይጫኑ።»

አምስትን ተጫንኩ።

«ምኑ ነው ያረካህ?» አለች አልማዝ። «ሙዚቃው ነው?»

እውነቷን ነው። ምንም አላረካኝም። ግን እኔ፣ ወዳጄ፣ ከአንድ ጉዳይ ወዲህ ለማንም ሰው ከአምስት በታች ሰጥቼ አላውቅም። ለታክሲ ረዳቱም፣ ለሐኪሙም፣ ለዚያ ጆሮዬን ለቆረጠኝ ፀጉር አስተካካይም አምስት ነው። ጉዳዩን ልንገርህ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ግን ትንሽ ራቅ ብዬ ልጀምር። ችኩል ከሆንክ አንተም እንደ ልጅቷ «ሌላ የምረዳዎት ነገር?» ብለህ መሄድ ትችላለህ። አልቀየምም።

እኔ ሰውን ቁጥር ሳስቆጥር ያረጀሁ ሰው ነኝ። ቀልድ አይደለም፤ እንጀራዬ ነበር። ጥናት አጥኚዎች መጠይቅ ያዘጋጃሉ፤ እኔ ደግሞ መጠይቁን ታቅፌ ከኮልፌ እስከ ሳንሱሲ በር አንኳኳለሁ። ውሻ አልቀረኝ፣ ጭቃ አልቀረኝ። የመጠይቁ ርዕስ ይለያይ እንጂ ነፍሱ አንድ ናት፤ «ምን ያህል ረክተዋል? ምን ያህል ይስማማሉ?» መልሱ ከአንድ እስከ አምስት ነው። አንድ መጥፎ፣ አምስት ጥሩ፣ ሦስት መሐል ሰፋሪ። የሰው ልጅ የሆዱ ነገር ሁሉ በአምስት ሣጥን ተጠቃሎ ይገባል ብለው የወሰኑ ሊቃውንት አሉ። በዓይኔ አላየኋቸውም። ግን በጣም ነው የማከብራቸው።

ችግሩ ያለው ከመላሹ ነው።

ሳንሱሲ ውስጥ አንዲት እናት ነበሩ። በወረዳው አገልግሎት ምን ያህል እንደረኩ ጠየቅኋቸው። ግራ ቀኝ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ስንት ይሻላል ልጄ?» አሉኝ። የሚሰማዎትን ይንገሩኝ ብላቸው «የሚሰማኝንማ ተወው። ጎረቤቴ ስንት አለች?» አይሉም? ጎረቤታቸውን ደግሞ ቀድሜ ጠይቄያት እሷም የእሳቸውን ስትጠይቀኝ ነበር።

አንድ ባለሱቅም ነበር። ቁጥሩን ንገረኝ ስለው «መነሻው ስንት ነው?» አለኝ። አንድ አልኩት። «የመጨረሻው?» አምስት አልኩት። አሰበ፣ አሰበና «ሁለት» አለኝ። ሁለት ብዬ ጻፍኩ። ደነገጠ። እንዴት ሳትከራከረኝ ትጽፋለህ፣ አንተ አራት ልትለኝ፣ እኔ እንቢ ልል፣ ሦስት ላይ ልንገናኝ አልነበረም ወይ ብሎ ጮኸብኝ። እስከ በሩ ተከትሎኝ «ልጅ ነህ፣ ገበያ አልገባህም» ሲል ትዝ ይለኛል። ያኔ ሽበት ነበረኝ።

ሌላዋ ጎበዝ ዘማሪ ናት፤ ቤተሰቡ ሁሉ ጴንጤ ነው። በሕይወትሽ ምን ያህል ረክተሻል አልኳት። «በጌታ አምስት ነኝ» አለች፤ ፊቷ በራ። ልጽፍ ስል እጄን ያዘችኝ። «በቤት ኪራይ ግን አንድ።» ሣጥኑ ለሁለት መልስ ቦታ የለውም። አማካዩን ወስጄ ሦስት ብዬ ሞላሁ። ጌታንም አከራዩንም በአንድ ቀን በደልኩ።

የቆሼ ጎረቤት የሆነውን ሰውዬ ደግሞ እንዴት ልርሳው። የአካባቢው ሽታ ምን ያህል ይረብሽዎታል ይላል ጥያቄው። «የቱ ሽታ?» አለኝ። ከልቡ ነው። እዚያው ተወልዶ እዚያው ያደገ ነው። ይልቅ ዘመድ ልጠይቅ ከከተማ ወጣ ያልኩ ቀን አየሩ ጎደሎ ይሆንብኛል፣ ያስነጥሰኛል አለ። «ጨርሶ አይረብሸኝም» በሚለው ሣጥን አስገባሁት። መጠይቁ ትክክል ነበር። መላሹም ትክክል ነበር። እኔም በትክክል ጻፍኩ። ሦስት ትክክል ተደምሮ ምን እንደሚወጣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግራ ይገባኛል።

እና እንግዲህ ጡረታ ወጣሁ። ሰው ጡረታ ሲወጣ ችሎታውን የት ያድርሰው? እድር ውስጥ ያስገባዋል።

እድራችን እዚሁ ቀራንዮ ነው። ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙ፣ ጴንጤው ባንድ ድንኳን የሚያለቅስበት እድር ነው። ዳኛችን ሐጂ ከድር ናቸው፤ ጎማ ነጋዴ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ቀስ ብለው የሚቆጡ ሰው። ጸሐፊው እኔ ነኝ። በየወሩ ጉባኤ እንቀመጥና ጩኸት ነው። ድንኳኑ ያፈሳል። አግዳሚው ይወድቃል። ብረት ድስቱ ሄዶ አይመለስም። ሁሉ ይጮሃል፣ ሁሉ ይበተናል፣ ድንኳኑ ያፈሳል።

አንድ ቀን ተነሥቼ ተናገርኩ። ጩኸት አይለካም አልኩ። ሠለጠነ የሚባል ተቋም ሁሉ ደንበኛውን ከአንድ እስከ አምስት ይጠይቃል፣ እኛም መጠይቅ እንበትን፣ ሁሉም በምስጢር ሞልቶ ሣጥን ውስጥ ይክተት አልኩ። ሐጂ ከድር ጢማቸውን ዳሰሱ። «ታደሰ፣ ለቅሶ ደንበኛ አለው እንዴ?» አሉኝ። ሁላችንም ደንበኞች ነን፣ ሐጂ፣ አልኳቸው። አባባሌ አምሮልኝ ነበር። አሁን ሳስበው ጀርባዬን ይበርደኛል።

መጠይቁን ራሴ አዘጋጀሁ። ስለ ድንኳኑ ጠየቅኩ፣ ስለ አግዳሚው ጠየቅኩ፣ ስለ ድስቱ ጠየቅኩ። ቀጥዬ ምን አለ፣ ምን ቀረ ብዬ ሳስብ ጋሽ ድንቁ ትዝ አሉኝ። «በጡሩምባ ነፊያችን አገልግሎት ምን ያህል ረክተዋል?» ብዬ ጨመርኩ። ምናለ ያኔ አንድ ሰው እጄን በያዘኝ!

ጋሽ ድንቁን አታውቃቸውም። የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ነበሩ። ረጅም ናቸው፤ ክረምት ከበጋ አንድ ካፖርት ይለብሳሉ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ሰው ሲሞት ገና ጎህ ሳይቀድ ይወጣሉ፤ በየመንደሩ ቅያስ ቆመው አንድ ረጅም ይነፋሉ፤ ከዚያ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ብለው ስም ይጠራሉ። ትንፋሽ ላይ ማን ይደርስባቸዋል! «እኔ ቀራንዮ ነፍቼ ቆሼ ላይ ያለው ሰው ነጠላውን ይፈልጋል» ይሉ ነበር። በትንፋሻቸው ይኮራሉ። በማስታወስ ግን የሚኮሩበት ነገር አልነበራቸውም። አንድ ጊዜ በሟች ስም ፈንታ የወንድሙን ስም ጠሩ። ወንድምየው በእንቅልፍ ልቡ ነጠላውን አዘቅዝቆ ብቅ አለና «ማነው የሞተው?» አለ። ጋሽ ድንቁ አዩት። «አንተ ነበርክ» አሉት። ሰፈሩ በለቅሶ ማግስት እየተደበቀ ስቋል። ማንም ግን አልተቀየማቸውም።

ሣጥኑ ተከፈተ። ወረቀቱን ዘርዝሬ ደመርኩ፣ አካፈልኩ። የሚያፈሰው ድንኳን አራት አመጣ። «ምንም ቢሆን ድንኳናችን ነው» ብሎ የጻፈም አለ። የሚወድቀው አግዳሚ ሦስት ተኩል። የማይመለሰው ድስት አራት። ጋሽ ድንቁ? አንድ። ደግመህ ደምር ትለኝ ይሆናል። መደመርም አላስፈለገኝም። እኔ ጠያቂ ነኝና አልሞላሁም እንጂ የሞላው ሁሉ አንድ ነው ያለው። ሁለት የሰጠ የለም። አንድን ሁለት ጊዜ ያከበቡ አሉ። ከጎኑ «ከደጄ ያርቀው» ብለው የጻፉ ብዙ ናቸው። ይህንን እኔ አጥንቼ «የድምፅ ብክለት» በሚል ርዕስ ሥር መደብኩት።

ሳቅክ? ሳቅ። አንተ አሁን ገብቶሃል። እኔ ግን ያኔ በሙያዬ ላይ ነበርኩ። ሙያ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ቶሎ አይገባውም።

በጉባኤው ቀን ውጤቱን ቆሜ አነበብኩ። ጋሽ ድንቁ ከኋላ አግዳሚ ላይ ጡሩምባቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። የሳቸው ሲነበብ ቀና አሉ።

«ሁሉም?» አሉኝ።

«ሁሉም፣ ጋሽ ድንቁ።»

«አንድ ሰው እንኳ ሁለት ያለ የለም?»

«የለም።»

ሐጂ ከድር ጣልቃ ገቡ። ሰውየው ምን አጠፋ፣ ነገሩ ሳይጣራ አይሆንም አሉ። ሐጂ፣ ቁጥር አይዋሽም አልኳቸው። «በኔ ሱቅ ሲዋሽ አይቻለሁ» አሉ፤ ግን ሌላ የሚደግፋቸው አልተነሣም። ጉባኤው በሙሉ መሬት መሬቱን ያያል። እያንዳንዱ አንድ የሰጠው እሱ ብቻ መስሎት ነበርና የሌላው ሁሉ አንድ መሆን አስደንግጦታል። ያ ሁሉ ሕዝብ በጋሽ ድንቁ ላይ ቂም ይዞ ኖሯል ብሎ ሁሉም በሁሉም ተገረመ። እኔ ይህን ዝምታ በቃለ ጉባኤው ላይ «በሙሉ ድምፅ ተስማማ» ብዬ ጻፍኩት።

ጋሽ ድንቁ ተነሡ። የጡሩምባውን አፍ በካፖርታቸው ጫፍ ጠረጉ። ፊቴ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። የቆመ ዕቃ ነው፣ ይወድቃል ብለው አጋደሙት። ወጡ።

በእሳቸው ቦታ የቴሌግራም ቡድን ከፈትኩ። ሁሉም እድርተኛ ገባበት፤ ስልክ የሌለውን በልጁ ስልክ አስገባሁት። ከእንግዲህ ሰው ሲሞት ስም አይሳሳትም፣ ሕፃን አይደነግጥም፣ ውሻ አይጮህም አልኩ። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚለውን ተረት አባቴ ለምን ደጋግመው ይነግሩኝ እንደነበር ያኔም አልጠረጠርኩም።

ከዚያ ጋሽ ግርማ ሞቱ።

ጋሽ ግርማ አናጢ ነበሩ። የእድሩን አግዳሚዎች የሠሩት እሳቸው ናቸው። ለቅሶ አይቀሩም። በሽታ ላይ ሆነው እንኳ በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው ይመጡና ዳር ላይ ቆመው ይውሉ ነበር። ሚስታቸው እትዬ አስካለ ጎህ ሲቀድ ሰው ልከው አስጠሩኝ። ወዲያው መልእክቱን በጥንቃቄ ጻፍኩ። ጥቁር ሪባን አደረግኩበት። የቀብሩን ሰዓት፣ ቦታውን፣ ሁሉን። ላክሁ። መልስ ጎረፈ። አንዱ አውራ ጣት ላከ። ሌላው አበባ ላከ። አንዷ ልብ ላከች። አንዱ የምን መልእክት እንደሆነ ሳያነብ «አሜን» አለ። እኔ በስልኬ ላይ ለቅሶው ሞላ ብዬ ደስ አለኝ።

ቀብር ላይ ደረስኩ። የራሳቸው ልጆች አሉ። የሚስታቸው እህቶች አሉ። ሐጂ ከድር አሉ። እኔ አለሁ። ለቅሶው ቤት ደግሞ ድንኳኑ ሥር ጋሽ ግርማ በእጃቸው የላጉት አግዳሚ በረድፍ በረድፍ ባዶውን ተደርድሮ ይጠብቃል። ሌላ ጊዜ ይወድቃል የሚባለው አግዳሚ ያን ቀን አልወደቀም። ማን ተቀምጦበት ይወድቃል?

እትዬ አስካለ ከቀብር ሲመለሱ ድንኳኑ በር ላይ ቆሙ። አላለቀሱም። «ታደሰ፣ ሰው የት ሄደ?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? መልእክቱ ለሁሉም ደርሷል፣ መነበቡንም የሚያሳይ ምልክት አለው አልኳቸው። ስልኬን አውጥቼ ላሳያቸው ሁሉ ጀምሬ ነበር።

«ግርማ ማንን በድሎ ነው?» አሉ። ለኔ አልነበረም የሚናገሩት። ለአግዳሚዎቹ ነበር።

ወደ ማታው ግድም ሰው መምጣት ጀመረ። እየሮጠ፣ ጫማውን ሳያስር፣ እያፈረ። አንዱ ስልኬ ተዘግቶ ነበር አለ። አንዱ ኔትወርክ አልነበረም አለ። አንዲት እናት ልጄ ይዞት ትምህርት ቤት ሄዶ ነበር አሉ። አውራ ጣት የላከው ሰው እንኳ መጥቶ «አይቼዋለሁ፤ ግን ጡሩምባ አልሰማሁማ! ጡሩምባ ሳይነፋ ሰው ሞተ ይባላል?» አለኝ። የተቀበረ ሰው ዳግም አይቀበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ጋሽ ግርማ ሁሉንም ቆመው ቀብረው፣ የሳቸው ተራ ሲደርስ ሰው በአውራ ጣት ሸኛቸው። ይህ እስከ ዛሬ ቆጭቶኝ አላባራም።

ቤቴ ገባሁ። ተናድጃለሁ። አልማዝ እግሯን ትታጠባለች። «ይህ ሕዝብ ምን እንደሚፈልግ አይታወቅም» አልኳት። «ጋሽ ድንቁን አንድ ብሎ አባረረ፤ አሁን ደግሞ ጡሩምባ ይለኛል!»

«እኔም አንድ ነው የሰጠኋቸው» አለች አልማዝ።

«አንቺ? ለምን?»

«አንተን አስቤ ነዋ!»

አልገባኝም። እግሯን ከባኞው አወጣችና እንደ ሕፃን ታስረዳኝ ጀመር።

«ጡሩምባ ነፊው ምን ያህል ያረካሻል አልከኝ። ምን ልበል? በጣም ረክቻለሁ፣ ደጋግሞ ይምጣ፣ ነገ ባሌን ይጥራልኝ ልበል? አምስት ብዬ ልጆቼን ላስጨርስ? ድንኳን ይዘረጋል፣ ድስት ይመለሳል። ጋሽ ድንቁ ግን ምን ይዘው ነው የሚመጡት?»

«ታዲያ ሦስት አትዪም ነበር?»

«ማንን ልከፍል ነው ሦስት የምለው? ከቤታችን ግማሹን?»

ወዳጄ፣ ተቀመጥኩ። «ከደጄ ያርቀው» የሚለው የድምፅ ብክለት አልነበረም። ጸሎት ነበር። እኔ የሰፈሩን ጸሎት ደምሬ፣ አካፍዬ፣ ሰውየውን አባረርኩበት ማለት ነው። የመጠይቁ አሠራር ግን፣ ይህን በሙያዬ መመስከር አለብኝ፣ እንከን አልነበረውም።

በማግስቱ ሐጂ ከድር ዘንድ ሄድኩ። እሳቸውም አንድ ነበር የሰጡት። «አምስት ብዬ ቤት ብገባ ሚስቴ ጎማ ላይ ታሳድረኝ ነበር» አሉ። ለሽምግልና አብረን ወጣን። ጋሽ ድንቁ በራቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ነገሩን እንዳለ ነገርናቸው። ማንም አልጠላዎትም፣ ሞትን ነው የጠላው፣ ይቅር ይበሉንና ይመለሱ አልን።

ጋሽ ድንቁ አዳመጡ። ስለ ጋሽ ግርማ ስንነግራቸው ካፖርታቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ «አንድ ነህ ብላችሁ በጉባኤ ፊት አንብባችሁብኛል። በጉባኤ ፊት አምስት አንብቡልኝና እመለሳለሁ» አሉ።

ሐጂ ከድር እሺ አሉ። አምስት ምን አላት ብለው ነው። እኔም ቀላል መስሎኝ ነበር።

ሁለተኛ መጠይቅ በተንኩ። አሁንም አንድ መጣ። ሰው ሁሉ ጋሽ ድንቁ ይመለሱ ብሎ በቃሉ ይጮሃል፤ ብዕር ሲሰጠው እጁ አምስት ላይ አያርፍም። አንዷ እናት ሌላው ሰው አምስት ካለ እኔ አንድ ብል ምን ይጎዳል አሉኝ። ሁሉም ሌላውን አምስት ያስብላል። ካፈርኩ አይመልሰኝ ነውና ጥያቄውን አሻሻልኩት፤ «ጡሩምባ ነፊው ለሌላ ሰው ቤት በሚነፋበት ጊዜ ምን ያህል ይረካሉ?» ብዬ ጻፍኩ። አልመከርህም። ሰፈሩ ሊደበድበኝ ነበር። አንድ ሰው ብቻ አምስት ሰጠ። አማቱ ታመው ኖሯል። ሚስቱ ወረቀቱን ሳይከተት አየችበት። ያን ጊዜ የተጣሉ እስካሁን በሽማግሌም አልታረቁም።

ክረምቱ በዚህ አለፈ። ሰው ሲሞት ሐጂ ከድርና እኔ በጭቃ በር ለበር እየዞርን ስናንኳኳ ቆየን። ማን ያውራ የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይባላል። እኛ ስናረዳ ግን ግማሹ ሰው አያምነንም። «ታደሰ ደግሞ ምን ሊጠይቅ መጣ?» ብሎ በሩን የማይከፍትም ነበር።

በመጨረሻ አንድ ቀን ወሰንኩ። ወረቀት አወጣሁና አምስትን አከበብኩ። አልማዝ ጮኸች። «አንድ ቤት ነን እኮ! አንተ ስትረካ እኔስ?» በስንት ልመና ተስማማች። ከሥሩ ግን «ባለቤቴንና ልጆቼን አይመለከትም» ብዬ እንድፈርም አስገደደችኝ። ሐጂ ከድር ጉባኤ ጠሩ፤ በጉባኤው ፊት ቆሜ አምስት ብዬ አነበብኩ። ሰው ሁሉ በኀዘን አየኝ። አንዳንዱ በሕይወት እያለሁ ተሰናበተኝ። እኔም ግድ አልሰጠኝም፤ ጡሩምባውን ይዤ ከሐጂ ጋር ወደ ጋሽ ድንቁ ሄድን።

ቤት ውስጥ ነበሩ። ክረምቱ በደረታቸው ገብቶ ኖሯል፤ ካፖርቱ ሰፍቷቸዋል። አምስቱን ሰጠኋቸው። ወደ መስኮቱ ወስደው አዩት።

«አንተ ብቻ ነህ?» አሉኝ።

«እኔ ብቻ ነኝ፣ ጋሽ ድንቁ። ሌላው ፈራ።»

«አልፈረድኩባቸውም» አሉ። «እኔም አንድ ነበር የሰጠሁት።»

ሐጂ ከድር ሳል ያዛቸው። እኔ ደግሞ የሰማሁትን እንዲደግሙልኝ ለመንኳቸው።

«እኔስ እድርተኛ አይደለሁም? ወረቀቱ ለኔም ደርሶኛል። ጡሩምባ ነፊው ስንት ነው ይላል። ራሴን አምስት ልል ነው? ነውር አይደለም? አንድ ብዬ ከተትኩ።» ወረቀቱን አጠፉት። «እናንተ ታነሡልኛላችሁ ብዬ ነበር።»

የኛ አገር ሰው ምግብ አቅርቦ «ምንም የለም እንጂ ቅመሱ» ይላል፤ እንግዳው «ኧረ ምን ቀረ!» ብሎ ያነሣለታል። ራሱን ዝቅ ያደረገን ሰው ሌላው ከፍ ያደርገዋል። መጠይቄ ላይ ግን የሚያነሣ ሰው ሣጥን አላዘጋጀሁም ነበር።

ጋሽ ድንቁ ጡሩምባውን ከእጄ ወሰዱ። አፉን በካፖርታቸው ጠረጉ። ቆሙ። ጉንጫቸው ተነፋ፣ የአንገታቸው ሥር ተገተረ። ከጡሩምባው አየር ብቻ ወጣ። ቀስ ያለ፣ ጎማ ሲተነፍስ ያለውን ዓይነት። ሐጂ ከድር ጎማ ነጋዴ ናቸው፤ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። ደግመው ሞከሩ። ያው አየር። አልጋ ላይ ተቀመጡና ሳላቸው እስኪያልፍ ጠበቁ። ከዚያ ፈገግ አሉ።

«ታደሰ፣ ጻፍ» አሉኝ። «አሁን ነው አንድ የሚገባኝ።»

አልጻፍኩም። በሙያዬ መላሽ የነገረኝን ሳልጽፍ የቀረሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጡሩምባው ዛሬ እድር ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሐጂና እኔ አሁንም በር እናንኳኳለን። ከቀብር ስንመለስ በጋሽ ድንቁ ደጅ እናልፋለን፤ በርጩማቸው ላይ ሆነው «ስንት ሰው ወጣ?» ይሉናል። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መልስ ነው የምሰጣቸው። ብዙ ሰው ነበር፣ መቆሚያ ጠፋ እላቸዋለሁ። እትዬ አስካለ ሰላምታዬን ይመልሳሉ፤ ቆመው ግን አያወሩኝም። ይህን በየትኛው ሣጥን እንደማስገባው እስካሁን አላወቅኩም።

እና አልማዝ ምኑ ነው ያረካህ ትለኛለች። ያቺ የስልክ ልጅ ለራሷ ስንት እንደምትሰጥ ማን ያውቃል? አንድ ብላ ከትታ፣ ያነሡልኛል ብላ እየጠበቀች ቢሆንስ? ከኔ በፊት የደወለው ሰው ሁሉ ሌላው ያነሣላታል ብሎ ትቷት ቢሆንስ?

ትናንት መልሼ ደወልኩ። ያው ሙዚቃ ነው። ራት ቀረበ፣ ራት ተበላ። ልጅቷ አነሳች። ስልኬ አሁንም እየተቆራረጠ ስለሆነ ያለችኝን አልሰማኋትም። አምስት ሰጠኋት።